ባለተወርዋሪ መርፌ ሽጉጥ

ማካሮቭ የታጠቀ ሰው ሽጉጡ መወጠር አለመወጠሩን ለማወቅ ከኋላ ብቅ ያለችውን ትንሽ መዶሻ ማየት ይበቃዋል። ወደ ኋላ ከተሳበች ተወጥሯል፤ ወደ ፊት ከተኛች አልተወጠረም። ዛሬ በብዙ አገር ፖሊስና ሠራዊት ወገብ ላይ የሚታዩት እንደ ግሎክ ያሉ ሽጉጦች ግን ጀርባቸው ልሙጥ ነው። የምትሳብ መዶሻ የላቸውም። በእንግሊዝኛ «ስትራይከር ፋየርድ» ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ «ባለተወርዋሪ መርፌ ሽጉጥ» እላቸዋለሁ። ስማቸውን ከአሠራራቸው ጋር አብሮ ማወቅ የሚያስፈልገው፣ በመዶሻው የለመድነው ጥንቃቄ ለእነዚህ ስለማይበቃ ነው።

ሙሉ ጥይት ውስጥ አረሩ ከፊት፣ ባሩዱ ቀለሁ ውስጥ፣ ስትመታ እሳት የምትፈጥር ትንሽ ክፍል ደግሞ ከቀለሁ መቀመጫ ላይ አለች። ማንኛውም ሽጉጥ የሚተኩሰው ይህችን ክፍል ከኋላ በቀጭን ብረት በመውጋት ነው። ወጊዋን ብረት መርፌ እንበላት። በባለመዶሻው ሽጉጥ መርፌዋ የራሷ ጉልበት የላትም፤ ጉልበቱ ያለው መዶሻው ላይ ነው። ምላጩ ሲሳብ (ብዙ ሰው ቃታ የሚለው ነው) መዶሻው ይለቀቅና የመርፌዋን ጀርባ ይመታል፣ እሷም ጥይቱን ትወጋለች። በአዲሱ ዓይነት አማካዩ መዶሻ ቀርቷል። መርፌዋ ራሷ ወፈር ብላ ተሠርታ ጠንካራ ሞላ ተገጥሞላታል። ሞላው እንደተጨመቀ አንዲት የብረት ጥርስ ይዛ ታቆማታለች። ምላጩ ሲሳብ ጥርሷ ትለቃለች፤ መርፌዋ በሞላው ጉልበት ተወርውራ ጥይቱን ትወጋለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከዓይን ተሰውሮ፣ በሽጉጡ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ሆድ ውስጥ ነው።

«ባለመርፌ ሽጉጥ» ብንል አጭር ይሆን ነበር፤ ግን ማካሮቭም መርፌ ስላለው ልዩነቱን አይናገርም። «መዶሻ አልባ»ም አይሆንም፤ መዶሻቸው በውስጥ የተደበቀ፣ ከውጭ ሲታዩ ግን መዶሻ የሌላቸው የሚመስሉ ሽጉጦች አሉና። ልዩነቱ መርፌዋ በራሷ ሞላ መወርወሯ ነው፤ ስለዚህ «ተወርዋሪ» የምትለዋ ቃል መቅረት የለባትም።

አሠራሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በጥርባም ሆነ በዳንግላ፣ ስለ አባቶቹ ጠመንጃ ሲወራ የሰማ ሰው ውጅግራን፣ ለበንን፣ ምንሽርን፣ በልጅግን በስም ያውቃል። ውጅግራ የፈረንሳዩ የ1874 እ.ኤ.አ. «ፉዚል ግራ» ነው፣ በልጅግ ከቤልጅግ አገር የመጣው ነው። የዓድዋ አርበኞች ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። የእነዚህ ጠመንጃዎች አሠራር እጀታው ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሳበው ብረት ሆድ ውስጥ መርፌና ሞላ ያለበት ነው። በሌላ አነጋገር ባለተወርዋሪ መርፌ ናቸው። ስናድር የተባለው ጠመንጃ ግን በጎኑ ባለው ትልቅ መዶሻ የሚተኩስ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን የጨረሱበት፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸው ሽጉጥም መዶሻው በውጭ የሚታይ የዚያ ዘመን መሣሪያ ነው።

በልጅጉን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጠመንጃው ሲቀባበል የመርፌዋ ጅራት ከኋላ ወጣ ብሎ ይቀራል። በዓይን ይታያል፤ በጨለማም በአውራ ጣት ይዳሰሳል። ባለጠመንጃው መወጠሩን የሚያውቀው በዚህች ጅራት ነው። ወደ ሽጉጡ ስንመጣ በአብዛኞቹ ይህች ምልክት ጠፍታለች። ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ ለሽጉጥም ቢሆን የቆየ ነው። አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነድፎት በቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራው የ1900 እ.ኤ.አ. ሽጉጥ ባለተወርዋሪ መርፌ ነበር፤ የጀርመኑ ሉገርም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሠራዊቶች ይበልጥ የያዙት ባለመዶሻውን ነው፤ ሶቪየቶች ማካሮቭን በ1951 እ.ኤ.አ. ሲቀበሉም ባለመዶሻ ነበር። ነገሩን የለወጠው ጋስቶን ግሎክ የተባለ ኦስትሪያዊ ነው። ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ የማያውቅ፣ የመጋረጃ ዘንግና የወታደር ቢላዋ አምራች ነበር። ግሎክ 17 ብሎ የሰየመውን ሽጉጥ የኦስትሪያ ሠራዊት በ1982 እ.ኤ.አ. መረጠው። እጀታው ከፕላስቲክ ዘር የተሠራ፣ ቀላል፣ 17 ጥይት የሚጎርስ ካዝና ያለው ነው። ከዚያ ወዲህ የታወቁት ፋብሪካዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የራሳቸውን አወጡ፦ ዋልተር፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ ሲግ ሳወር፣ የቼኩ ሲ ዜድ።

እንግዲህ ከእነዚህ መካከል ሲመረጥ፣ ለተቋም የሚገዛ ባለሙያም ሆነ ባሕር ማዶ በጥበቃ ሥራ የተሰማራ ወገናችን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ካዝናው ስንት ይጎርሳል የሚለውን ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሽጉጡ አርፎ ሳለ መርፌዋ ምን ያህል ተወጥራ እንደምትቆይ ነው። በግሎክ ላይ መርፌዋ የምትወጠረው በከፊል ነው። ቀሪውን ውጥረት የሚሞላው የተኳሹ ጣት ነው፤ ምላጩ ወደ 2.5 ኪሎ ግራም የሚደርስ ስበት ይፈልጋል። እንደ ሲግ ሳወር ፒ 320 ባሉት ላይ ግን መርፌዋ ሙሉ በሙሉ ተወጥራ ትቆያለች፤ የጣቱ ሥራ ጥርሷን ማስለቀቅ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ከፊል ውጥር፣ ሁለተኛውን ሙሉ ውጥር ብለን ብንለያቸው ይጠቅማል። ሙሉ ውጥሩ ምላጩ ለስላሳና አጭር ስለሚሆን ለዒላማ ይመቻል፤ በዚያው ልክ ውስጣዊ መከላከያዎቹን አጥብቆ መመርመር ይጠይቃል።

ፒ 320 ላይ የሆነው ይህን ያሳያል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ይህንን ሽጉጥ መረጠ። በዚያው ዓመት ክረምት ለሲቪሉ ገበያ የወጣው ሽጉጥ በጀርባው በኩል በተወሰነ ማዕዘን ሲወድቅ ማንም ምላጩን ሳይነካው ሊተኩስ እንደሚችል በሙከራ ታየ። መሬት ሲመታ ሽጉጡ ቢቆምም ምላጩ በራሱ ክብደት ጉዞውን ቀጥሎ እስከ መልቀቂያው ይደርስ ነበር። ፋብሪካው ምላጩን አቅልሎ፣ የውስጥ ክፍሎችንም ቀይሮ ያለ ክፍያ ለማስተካከል ፈቀደ። በግሎክ ምላጭ መካከል ያለችው ትንሽ ምላስ ለዚሁ ናት፤ ጣት ካልተጫናት በስተቀር ምላጩ ወደ ኋላ አይሄድም። ከሷ ሌላ የመርፌዋን መንገድ የሚዘጋ ብረትና ሲወድቅ እንዳይተኩስ የሚይዝ ክፍል አለው። ሦስቱም ምላጩ ሲሳብ በየተራ ይከፈታሉ፤ ሲለቀቅ ይመለሳሉ።

ልብ በሉ፤ ምላጩን የሳበው ጣት ይሁን የኮት ገመድ፣ ሽጉጡ አይለይም። ስለዚህ በአውራ ጣት የሚዘጋና የሚከፈት የውጭ መቆለፊያ ያለውን መምረጥ አለመምረጥ ሁለተኛው ትልቅ ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ሠራዊት የወሰደው የፒ 320 ዓይነት፣ ኤም 17፣ ይህ መቆለፊያ አለው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ የተባለውን በሁለቱም መልክ ይሸጣል። ግሎክ በተለመደው መልኩ የለውም። መቆለፊያ በችኮላ ሰዓት ይረሳል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ክርክራቸው ክብደት አለው። እኔ ግን ለእኛ ሰው ባለመቆለፊያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም አያያዛችን ነው። ሽጉጥ ስሙን ያገኘው ከመሸጎጥ ነው፤ በብዙ ቦታ ዛሬም ያለ አፎት ከቀበቶ ሥር፣ ከጋቢ ውስጥ ይሸጎጣል። ማካሮቭ መቆለፊያው ወደ ላይ ሲገፋ የተወጠረውን መዶሻ ራሱ ያሳርፋል፣ ሽጉጡንም ይቆልፋል፤ ስለዚህ የተሸጎጠበት ሰው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። መቆለፊያ የሌለውን ባለተወርዋሪ መርፌ ጥይት አጉርሶ በቀበቶ ሥር መሸጎጥ ግን ጭንን ወይም ሆድን ለአንድ የጨርቅ እጥፋት አሳልፎ መስጠት ነው። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት ከሌለ ይህን ዓይነት ሽጉጥ መታጠቅ አይገባም።

ዋልተር ፒ 99 ያን የጠፋውን ምልክት በከፊል መልሶታል። መርፌዋ ስትወጠር ከጀርባው ቀዳዳ ቀይ ነጥብ ይታያል፤ ከላይ ባለች ቁልፍም ሳይተኩስ ማሳረፍ ይቻላል። የክሮኤሺያው ኤች ኤስ 2000ም ከጀርባው የምትወጣ ምልክት አለችው፣ እጀታውም በመዳፍ ካልተጨበጠ አይተኩስም። በልጅግ ለለመደ እጅ እነዚህ ሁለቱ ቶሎ ይገባሉ።

በአገራችን መሣሪያ መያዝ በፈቃድ ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚደነግገው ይህንኑ ነው። በኮንትሮባንድ የሚገባውና በተለምዶ «የቱርክ ሽጉጥ» የሚባለው ምርጫ ውስጥ መግባት የለበትም። ከመካከሉ የድምፅ ጥይት ብቻ እንዲተኩስ ተሠርቶ በኋላ አፈሙዙ የተቦረቦረ አለበት፤ የዚያ ብረት ለእውነተኛ ጥይት ግፊት አልተሠራም።

ሦስተኛው ጥያቄ የሚመጣው ሽጉጡ ለጽዳት ሲፈታ ነው። ግሎክን ለመፍታት ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ጥይት ጎርሶ ከቀረ ይተኩሳል። ፒ 320ና ኤም ኤንድ ፒ ምላጭ ሳይሳብ እንዲፈቱ ሆነው ተሠርተዋል። ቤት ውስጥ ልጆች ባሉበት ለሚፈታ መሣሪያ ይህ ልዩነት ከጥይት ብዛት ይበልጣል። የትኛውም ቢሆን አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ፣ ጣት ከምላጩ ርቆ፣ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፤ ከዚያ የላይኛው ብረት ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወድቃል፤ ከዚያ ብረቱ እንደተሳበ ቆሞ ጉሮሮው በዓይን ይታያል፣ በትንሹ ጣትም ይዳሰሳል። ቅደም ተከተሉ ተገላብጦ ካዝናው ሳይወጣ ብረቱ ከተሳበ አንዱ ጥይት ይወጣል፤ ብረቱ ሲመለስ ሌላው ከካዝናው ተነሥቶ ይጎርሳል፤ መርፌዋም ትወጠራለች፤ ከውጭ ግን የሚታይ ለውጥ የለም።