ጉሙ ሳይደርስ መብራት ማብራት

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሽቅብ የሚወጣ ሾፌር ጉሙን ገና ከታች ሆኖ ያየዋል። ዋሻው አፍ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ መብራቱን ያበራል። ማኅበሮቻችን ግን ጉሙን የሚያዩት ብዙ ጊዜ ውስጡ ከገቡ በኋላ ነው።

ከ1997ቱ ምርጫ በፊት የሀገር ውስጥ ድርጅቶች ከታዛቢነት ያገዳቸውን መመሪያ በፍርድ ቤት ረቱ። ድሉ ማስጠንቀቂያም ነበር፤ መንግሥት በጥርጣሬ እያያቸው ነበር። በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 መጣ። በመብት ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢሰመጉ ከ12 ቢሮዎቹ 9ኙን ዘጋ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ።

ያው አዋጅ ዕድርን አልነካም። ዕድር የሚቆመው ዕድርተኛው በየወሩ በሚያዋጣው ነው፤ የውጭ ገንዘብ ቢቆም ድንኳኑ አይታጠፍም።

ጥፋቱ የአዋጁ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 መሻሩም ተገቢ ነበር። ትምህርቱ ግን አብሮ ተረሳ። በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ ዕርዳታዋን ስታቋርጥ ብዙ ድርጅቶች ዳግም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በዚህ ጊዜ ጉሙ የመጣው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከዋሽንግተን ነው።

ስለዚህ የማንኛውም ማኅበር ቦርድ በየስብሰባው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ምን ሕግ እየተረቀቀ ነው? ገንዘባችን በማን እጅ ነው? ነገ ቢቋረጥ አባሎቻችን ያዋጣሉ? ሦስተኛውን መመለስ ያቃተው ማኅበር መብራቱን ገና አላበራም።