የከበሮ ድምፅ ከእጅ ወደ መኪና መሻገሩ

ዛሬ ኮምፒዩተር ያለው ሰው አንድ ሳንቲም ሳይከፍል የከበሮ ምት ሊያቀናብር፥ ከበሮ የሚማርም ሰው ያለ ጓደኛ ከመኪና ጋራ ሊለማመድ ይችላል። ፕሮግራሙም ድምፁም በነጻ ይገኛል። ነገር ግን «ነጻ» የሚለው ቃል በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ሸፍኖ ይዟል፤ ይኸውም በነጻ የተወሰደውንና በነጻ የተሰጠውን ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማየት ነገሩን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የተማሪን ምት በመኪና የማስጠበቅ አሳብ አሮጌ ነው። ዮሐን ሜልትሰል የተባለ ጀርመናዊ በ1815 መትሮኖም ለተባለው ምት ጠባቂ መሣሪያ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ዳሩ ግን ዋናውን ብልሃት ቀድሞ ያገኘው በአምስተርዳም ይኖር የነበረው ዲትሪኽ ዊንክል ነበር። እንግዲህ የሠሪው ስምና ጥቅሙን ያገኘው ሰው ስም መለያየት የጀመረው ገና ከዚህ ነው።

ራሱን ችሎ ከበሮ የሚመታው መኪና ወደ ገበያ የወጣው ዘግይቶ ነው። በ1959 ዉርሊትዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሳይድማን የተባለውን ሠራ፤ ዓላማውም በቤቱ ብቻውን ኦርጋን የሚጫወተውን ሰው ለማጀብ ነበር። ከዚያም ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ1972 ሮላንድ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ኩባንያውም በ1980 ቲአር 808ን አወጣ። የነዚህ ሁሉ ድምፅ በኤሌክትሪክ የተፈጠረ እንጂ ከማንም እጅ የተቀዳ አልነበረም። በዚያው በ1980 ግን ሮጀር ሊን የተባለ አሜሪካዊ ኤልኤም 1 በተባለው መኪናው ውስጥ የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ ቀድቶ አስገባ። ዋጋው 5,000 ዶላር ያህል ስለ ነበረ የባለጠጋ ሙዚቀኞች ዕቃ ሆኖ ቆየ። ይሁን እንጂ የሰው ምት ከመቺው ተለይቶ ሊቀመጥና ሌላው ሰው እንደ ወደደ ሊደረድረው እንደሚችል ለሁሉ ታየ።

በነጻ መወሰዱ ምን እንደሚመስል ከአንድ ሸክላ ታሪክ በግልጥ ይታያል። በ1969 ዘ ዊንስተንስ የተባሉ የዋሽንግተን ሙዚቀኞች «ከለር ሂም ፋዘር» የተባለውን ዘፈን አሳተሙ። በሸክላው ጀርባ «ኤመን ብራዘር» የተባለ ቃል የሌለው ጨዋታ ነበር። በመካከሉ ሌሎቹ መሣሪያዎች ዝም ሲሉ ግሪጎሪ ኮልማን ብቻውን አራት የምት ዙር፥ ለ7 ሰከንድ ያህል፥ ከበሮ ይመታል። ይህች ቅንጣቢ በ1986 ለሸክላ አጫዋቾች በተዘጋጀ ስብስብ ውስጥ ታትማ ወጣች። ድምፅ ቀድቶ የሚቆራርጠው መኪና ዋጋው ሲቀንስም በአሜሪካ የሂፕ ሆፕ፥ በ1990ዎቹ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ጃንግል የተባለው ሙዚቃ ዐጥንት ሆነች። በብዙ ሺሕ በሚቈጠሩ ዘፈኖች ውስጥ የኮልማን እጅ ይሰማል። እርሱ ግን ከዚህ ሁሉ ምንም ሳያገኝ በ2006 ሞተ። በ2015 የእንግሊዝ ሸክላ አጫዋቾች ማንም ሳያስገድዳቸው 24,000 ፓውንድ ያህል አሰባስበው ለቡድኑ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰር ሰጡ፤ መቺው ካለፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር።

ይህ የአንድ ሰው ክፉ ዕድል ብቻ አይደለም። ሕጉ መብት የሚሰጠው ለደራሲውና ለቅጂው ባለቤት ነው፤ ከበሮ መቺውን ግን ከደራሲ መቍጠር ልማድ አይደለም። የጄምስ ብራውን ከበሮ መቺ የነበረው ክላይድ ስተብልፊልድም በ2017 እስኪሞት ድረስ፥ «ፈንኪ ድራመር» በተባለው የ1970 ሸክላ ውስጥ ያለውን ምቱን ዓለም ሲጠቀምበት ከደራሲዎቹ ተርታ አልተጻፈም። ዜማን ከደራሲ፥ ምትን ግን ከማንም የማይቈጥር ሕግ ከበሮን ከማያውቅ አእምሮ የወጣ ይመስላል።

በነጻ የመስጠቱ ሥራ የመጣው ከሌላ መንገድ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1989 ያወጣው የፕሮግራም ፈቃድ፥ ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንዲገለብጥ፥ እንዲለውጥና እንዲያድል ይፈቅዳል፤ ለውጦ ያደለውም ሰው ለተከታዩ ይህንኑ ነጻነት እንዲያስተላልፍ ያስገድዳል። ድምፅ መቅጃውና መቍረጫው ኦዳሲቲ በ2000፥ ከዚያም ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ኮሚኑ የጀመረው ሃይድሮጅን የተባለው የከበሮ ፕሮግራም በዚሁ ፈቃድ ወጡ። በ2005 ደግሞ በባርሴሎና የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ፍሪሳውንድ የተባለውን የድምፅ ግምጃ ቤት ከፈተ። በዚያ ድምፁን የሚያኖረው ሰው ፈቃዱን ራሱ ይመርጣል፤ «ስሜን ጥቀስ» ብሎ ከሰጠ ወሳጁ ስሙን የመጻፍ ግዴታ አለበት። ኮልማን ያጣው አንዱ ነገር ይህ ነበር።

የሃይድሮጅን አሠራር ለተማሪ ይመቻል። ገበታው እንደ ቼዝ ሰሌዳ የተከፋፈለ ነው፤ ወደ ጐን ጊዜው፥ ወደ ታች የከበሮው ዐይነት ይዘረዘራል፥ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ምት ነው። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ አንዱን ከበሮ ዝም በማሰኘት ተማሪው የጐደለውን በእጁ ይሞላል። በልማድ ገበታው የሚከፈለው በ16 ነው፤ ይህ ለአሜሪካ ዘፈን ልክ ሲሆን ለእኛ ችክችካ ግን አይሆንም፥ በ12 ወይም በ24 መለወጥ አለበት። ፕሮግራሙ ይህን ይፈቅዳል፤ ለውጡን ግን የሚያውቅ ሰው ማድረግ አለበት።

ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ከከበሮ መኪና ጋራ መጫወቱ አዲስ አይደለም። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋራ ወደ አሜሪካ የሄዱት አቶ ኃይሉ መርጊያ፥ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንና ሲንቴሳይዘር ሲቀዱ ያጀባቸው የከበሮ መኪና ነበር። ካሴቱም በ2013 እንደ ገና ታትሟል።

የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ግን ለገበታው ያስቸግራል። ሁለቱ ገጾቹ፥ ሰፊው በወፍራም፥ ጠባቡ በቀጭን ድምፅ ይናገራሉና እነርሱን ለይቶ መቅዳት ቀላል ነው። የማኅሌቱ ምት ግን በዝግታ ተጀምሮ እየፈጠነ ይሄዳል፤ መኪናው ፍጥነቱን አስቀድሞ በቍጥር እንዲነግሩት ይጠይቃል። ስለዚህ ከነጠላ ምቶቹ ይልቅ አንድ ሙሉ ወረብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢቀዳ፥ ከእርሱም ጋራ የደብሩና የመቺው ስም ቢጻፍ፥ ለአጥኚውም ለተማሪውም የበለጠ ይጠቅማል።