ከደም ካሳ እስከ መድን፦ የጭነት መኪና አደጋና የካሳ ክስ በጎንደርና በሰሜን ደጋ

ሳይታሰብ ለጠፋ ሕይወት ካሳ መክፈል ለጎንደርና ለሰሜን ደጋ ሕዝብ ጥንታዊ ልማድ ነው። የጭነት መኪና ግን ወደዚህ አገር ከገባ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም። በእነዚህ ሁለት ነገሮች መገናኘት የተፈጠረው የሕግ ታሪክ፥ ማለትም በመኪና የተጎዳ ሰው ወይም የሟች ቤተሰብ መብቱን በምን መንገድ ሲጠይቅ እንደኖረ፥ ለሕግ ባለሙያ ብዙ የሚያስተምረው ቁም ነገር አለው።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በዐፄ ፋሲል ከተቆረቆረች በኋላ የነገሥታት መናገሻ ብቻ ሳትሆን የፍትሐ ነገሥት ትርጓሜ የሚነገርባት የትምህርት ማዕከልም ነበረች። ፍትሐ ነገሥት ሆን ብሎ የገደለውን ሳያስብ ከገደለው ለይቶ ይመለከታል። በሕዝቡ ዘንድ ደግሞ ከመጽሐፉ ጎን ለጎን ደም የማድረቅ ሥርዐት ጸንቶ ኖሯል። የገዳይ ወገን ሽማግሌና ካህን ወደ ሟች ወገን ይልካል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ በመሐላ ዕርቅ ይወርዳል። በዚህ ሥርዐት ከፋዩ ዘመድ፥ ተቀባዩም ዘመድ ነው። የካሳው ዋና ዓላማም ደም መላሹን ማብረድና በቀል እንዳይቀጥል ማድረግ ነው። ሟቹ ትቷቸው ለሄደው ልጆች በየወሩ ምን ያህል ቀለብ ይበቃል የሚለው ጥያቄ በዚህ ሥርዐት ውስጥ ዋናውን ቦታ አልያዘም።

መኪና ወደ ጎንደር በብዛት የገባው ከጦርነት ጋር ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው የኢጣልያ ጦር በካሚዮን ተጭኖ ከተማዋን ያዘ። ወራሪው ከአሥመራ ጎንደር የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠራ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል ያለውን ቆላ ከደባርቅ ደጋ ጋር ያገናኘው የሊማሊሞን ገደል በጠመዝማዛ ጥርጊያ ቆርጦ ነው። በገደሉ አናት ያለው የወልቅፊት ምሽግ በመስከረም 1934 ዓ.ም. ሲፈታ፥ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ፥ መንገዱ ለሰላሙ ጊዜ ንግድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እህልና ጨው፥ ነዳጅና የፋብሪካ ዕቃ በዚሁ ዳገት ተመላለሰ። ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራው የፊያት የጭነት መኪና ለብዙ ዓመታት የመንገዱ ጌታ ሆኖ ኖረ። ቁልቁለቱ ረጅም፥ መታጠፊያው ጠባብ ነው፤ ፍሬን የሚግለው፥ ከነተሳቢው የሚከብደውም መኪና በዚያው ላይ ነው። አደጋውም ከመንገዱ ጋር አብሮ መጣ።

ለዚህ አደጋ የተሟላ የሕግ መልስ የተገኘው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፥ ከውል ውጪ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል መኪናን ለብቻው ይመለከተዋል። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አይድንም። የሚድነው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ ጥፋት የለብኝም፥ የአደጋው ምክንያት አልታወቀም፥ ለመከላከል አልቻልሁም፥ ወይም ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው በማለት ሊከላከል እንደማይችል ይደነግጋል። በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ የሚያወጣው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው።

የዚህን ድንጋጌ ክብደት ለመረዳት ሊማሊሞን ማሰብ ይበቃል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ከአደጋ በኋላ አዘውትሮ የሚሰማው መከላከያ «ፍሬን እምቢ አለ» የሚል ነው። ይህ ቃል በወንጀል ችሎት ለሾፌሩ ሊጠቅመው ይችላል፤ በካሳ ክስ ግን ለባለንብረቱ አይጠቅመውም። ሕጉ ከመኪናው ገቢ የሚያገኘው ሰው የመኪናውንም አደጋ ይሸከም ብሏልና። ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ከሆነም፥ አንደኛው ወገን የሌላውን ጥፋት እስካላስረዳ ድረስ፥ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ በቁጥር 2084 ይገመታል።

መብቱ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሳለ ወደ ፍርድ የሚወስደው መንገድ ግን ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው እንቅፋት ጊዜ ነው፤ በቁጥር 2143 የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው የወንጀል ድርጊት የመጣ እንደሆነ የወንጀሉ ይርጋ ይጸናል፤ ይህን ሳያውቅ ተስፋ የቆረጠ ባለመብት ጥቂት አይሆንም። ሁለተኛው ማስረጃ ነው። የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሣው ፕላን፥ የመኪናው ሊብሬ፥ የሐኪም ወረቀት፥ የጋብቻና የልጅነት ማስረጃ አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። በቁጥር 2095 ካሳ የሚጠይቁት የሟች ባል ወይም ሚስት፥ ወላጆችና ተወላጆች ሲሆኑ፥ ቁጥር 2096 ከእነዚህ ውጪ ያለውን ሰው፥ ሟች በእርግጥ ሲረዳው የኖረ ቢሆንም፥ ክስ ይከለክለዋል። ታናናሾቹን ሲያሳድግ የሞተ የደጋ ልጅ ወንድሞች በልማዱ ዕርቅ ወገን ነበሩ፤ በሕጉ ግን ከሳሽ አይሆኑም። ሦስተኛው እንቅፋት ርቀት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክሱ ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ እንዲቀርብ በቁጥር 27 ምርጫ ሰጥቷል፤ በቁጥር 467ና በተከታዮቹም ድኻ የዳኝነት ሳይከፍል እንዲከስ ፈቅዷል። ሆኖም መኪናው አልፎ ሂያጅ፥ ባለቤቱም በሩቅ ከተማ የሚኖር እንደሆነ፥ ጭነቱ ተራግፎ መኪናው ከአገር ከመውጣቱ በፊት ማስከበሪያ እግድ ያልጠየቀ ከሳሽ የሚያሸንፈው ወረቀት ብቻ ነው።

ብዙዎች ያቋረጡበት ሌላ መንገድም ነበረ። ሰው የገደለ ሾፌር በወንጀል ይከሰሳል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተበዳዩ የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ በቁጥር 154 ይፈቅድለታል። በተግባር ግን የሾፌሩ ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው የሚመጡት በዚሁ ጊዜ ነው። ምንም እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3347 የቀደመውን ልማድ ቢሽር፥ ዕርቁ ራሱ በሕጉ ውስጥ በቁጥር 3307ና በተከታዮቹ የጸና ቦታ አለው፤ ተዋዋዮቹንም እንደ መጨረሻ ፍርድ ያስራቸዋል። አደጋው እንዲህ ነው፦ ሐዘን ላይ ያለች ሚስት ለመቀበሪያና ለተዝካር የሚሆን ጥቂት ብር ተቀብላ «ከእንግዲህ ክስ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ጣቷን ትጭናለች። ከሾፌሩ ጋር ደሙ ደረቀ፤ ወረቀቱ ባለንብረቱንም የሚጠቅስ ከሆነ የልጆቿ ቀለብ አብሮ ደረቀ። ሽምግልናው የበቀልን በር ስለሚዘጋ ትልቅ ጥቅም አለው። ጉድለቱ መኪና ያመጣውን አዲስ ተጠያቂ፥ ማለትም በቦታው ያልነበረውን ባለንብረት፥ አለማየቱ ነው።

የካሳው ልክም ሌላ ጥያቄ ነው። የቁሳዊው ጉዳት ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ሕጉ ያዝዛል፤ ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1953 ዓ.ም. ትርጉም የነበረው ይህ ገንዘብ የብር ዋጋ በወደቀ ቁጥር ምልክት ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ ሁሉ በላይ፥ ፍርድ ቤት የፈረደውን የሚከፍል ሰው መኖር አለበት። ሀብቱ አንድ መኪና ብቻ የሆነ ባለንብረት መኪናው ገደል ከገባ የሚከፍለው የለውም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የግል የመድን ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ቢቋቋምም፥ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህም የግል ኩባንያዎች እንደገና ቢፈቀዱም፥ ለሦስተኛ ወገን መድን መግባት በአገር አቀፍ ደረጃ ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። በ2005ቱ አዋጅ ሲደነገግ ለሞት የሚከፈለው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፥ ለንብረት እስከ 100,000 ብር፥ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ነበር። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው የመድን ፈንድ ተዘጋጀ። ከጣሪያው በላይ ላለው ጉዳት ባለንብረቱን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መጠየቅ አልቀረም፤ ስለዚህ የመድኑን ገንዘብ የተቀበለ ባለጉዳይ መብቱን ሁሉ የጨረሰ መስሎት እንዳይቀር ሊነገረው ይገባል።

ታሪኩ የሚያሳየው ተጠያቂው ከዘመድ ወደ ባለንብረት፥ ከባለንብረትም ወደ መድን ሰጪ መሸጋገሩን ነው። በየደረጃው ሕጉ ለተጎጂው የተሻለ ዋስትና ሰጥቷል፤ በየደረጃውም ከሳሹ መቅረብ ያለበት ሰው ከሰፈሩ ይበልጥ እየራቀ ሄዷል። ይህን ርቀት የሚያሳጥረው የሕግ ባለሙያው ነው። በደባርቅም ሆነ በዳባት ቀብር ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ማወቅ የሚገባው ነገር ሦስት ነው፦ የመኪናው ሰሌዳና ሊብሬ በማን ስም እንደሆነ፥ ክሱ መቼ በይርጋ እንደሚታገድ፥ የዕርቁ ወረቀት ማንን ነጻ እንደሚያወጣ። እነዚህ ሦስቱ በጊዜው ከተነገሩት፥ ሽምግልናውም ሕጉም ሥራቸውን ይሠራሉ።