ዜና መዋዕል ዘፕኖም ፔን ወዘነገሥታቲሃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በምሥራቅ፣ በክሜር አገር፣ በሜኮንግ ወንዝ ዳር ስለ ቆመችው ስለ ፕኖም ፔን ከተማ፣ ስለ ነገሥታቷና ስለ አድባራቷ የሚናገር ዜና ይህ ነው። በሐዲያ ምድር፣ በፎንቆ ተቀምጠን የጻፍነው፣ ወደዚያ የሚሻገር ሰው የሚያየውን ቤት ማን እንዳቆመው ዐውቆ እንዲሄድ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1960 ዓ.ም. የእስያን አገሮች ሲጎበኙ የክሜርንም ምድር ረግጠዋልና፣ እርሳቸው ያከበሩትን ዙፋን እኛም እናከብራለን።

ከተማይቱ መጀመሪያዋ የሴት እጅ ነው። በ1364 ዓ.ም. ገደማ ፔን የምትባል ባለጸጋ ሴት ጎርፍ ያመጣው ግንድ ከወንዙ ዳር አገኘች፤ በግንዱ ቦርቦር ውስጥም አራት የነሐስ የቡድሃ ምስሎች ነበሩ ይላሉ። ጎረቤቶቿን ጠርታ አፈር አስቆለለች፤ በቁልሉም ላይ መቅደስ አሠራች። ሃይማኖቷ ሃይማኖታችን ባይሆን ትጋቷን አንነቅፍም። ያ ኮረብታ ዛሬ ዋት ፕኖም ይባላል፤ ከፍታው 27 ሜትር ነው። በከምባታ ያለውን አምባሪቾን የወጣ የአገራችን ሰው ይህን ተራራ ሲሉት ፈገግ ይላል፤ ነገር ግን አምባሪቾን የቆለለው እግዚአብሔር ነው፣ ይህን ያስቆለለችው አንዲት ሴት ናት። አዲስ አበባንም የቆረቆሩ እቴጌ ጣይቱ መሆናቸውን የሚያውቅ አይደነቅም።

ከዚህ በኋላ የሲያም ጦር የቀድሞውን መንበር አንግኮርን ስለ ደፈረ ንጉሥ ፖንያ ያት መንበራቸውን ወደዚህ አመጡ። ይህም በእኛ አገር ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን ነው። የሐዲያው ገራድ ልጅ፣ ኋላ ነገሥታትን የመከሩት ንግሥት እሌኒ፣ የገቡት ወደ እኒሁ ንጉሥ ቤት ነው፤ ስለ እርሳቸው ብዙ ብንጽፍ እንወድ ነበር፣ የዛሬው ነገር ግን የክሜር ነው። የፖንያ ያት ዐፅም ዐመድ በኮረብታው ላይ ባለው ትልቅ ሐውልት ውስጥ አረፈ። ከዚያም መንበሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ዞረ፤ ከ300 ዓመት በላይ የሆነውን ይህን ዘመን እንለፈው።

በ1858 ዓ.ም. ንጉሥ ኖሮዶም ከኡዶንግ ተነሥተው መንበሩን ወደ ፕኖም ፔን መለሱ። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ሰዎች በመቅደላ አስረው የያዙበት ወራት ነበር። ከዚህ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ንጉሡ ከፈረንሳይ ጋር የወዳጅነት ውል ፈርመው ነበር፤ የውጫሌን ነገር ለሚያውቅ ይህ ይበቃዋል።

ቤተ መንግሥቱ ግን ሊተረክ ይገባዋል። ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ተቀምጧል፤ ጣሪያው ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ከሩቅ ያበራል፤ የዙፋኑ አዳራሽ ጉልላት 59 ሜትር ወደ ሰማይ ይወጣል። በግቢው ውስጥ ከብረት የተሠራ የፈረንጅ ቤት ቆሟል፤ የሱዌዝ ቦይ በተከፈተ ጊዜ የፈረንሳይ ንግሥት ኤውጄኒ ያረፉበት ነው፣ ኋላም ለኖሮዶም ተሰጠ ይባላል። በስተደቡብ የብሩ መቅደስ አለ። ወለሉ ከ5,000 በሚበልጡ የብር ንጣፎች የተሸፈነ ነው፤ የእያንዳንዱ ክብደት ከ1 ኪሎ ያልፋል። በውስጡም ከሰው ቁመት ጋር የሚተካከል፣ በሺህ በሚቆጠር አልማዝ ያጌጠ የወርቅ ቡድሃ ቆሟል። ወደ መቅደሱ የሚገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ትከሻውንና ጉልበቱንም ይሸፍናል። ለቤተ ክርስቲያናችን ሰው ይህ አዲስ ሕግ አይሆንበትም፤ አዲስ የሚሆንበት ፈረንጆቹ በእሺታ ሲታዘዙ ማየት ነው።

ከቤተ መንግሥቱ ፊት ያለው ውኃ ከሕንጻው ሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ቶንሌ ሳፕ የሚባለው ወንዝ ከታላቅ ሐይቅ ወጥቶ በዚህ ስፍራ ከሜኮንግ ጋር ይገናኛል። ክረምት ሲገባ ሜኮንግ በዝናብ ሞልቶ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ቶንሌ ሳፕ ተገፍቶ ፊቱን ያዞርና ወደ ሐይቁ ሽቅብ ይፈስሳል። በበጋ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ሐይቅ እስከ 16,000 ይሰፋል፤ ዓሣውም በተጥለቀለቀው ጫካ ውስጥ ይረባል። የእኛ ጊቤ ኦሞ ተብሎ ቱርካና እስኪገባ ድረስ ወደ ኋላው አይመለከትም። በጥቅምትና በኅዳር መካከል ውኃው ሲመለስ፣ በሙሉ ጨረቃ፣ ንጉሡ በወንዙ ዳር ተቀምጠው ረጃጅም ታንኳዎች ሲሽቀዳደሙ ያያሉ። በኅዳር 13 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚህ በዓል ሌሊት በአንድ ድልድይ ላይ ከ340 በላይ ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

አሁን ወደ ንጉሥ ኖሮዶም ሲሃኑክ ደረስን። በ1934 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው ዘውድ ጫኑ። ፈረንሳዮች የመረጧቸው ልጅ ስለ ሆኑ ይታዘዙናል ብለው ነበር፤ እርሳቸው ግን ከአገር አገር እየዞሩ የሕዝባቸውን ጉዳይ ለዓለም አሰሙ፤ ፈረንሳይም በጎረቤት ቬትናም በጦርነት ተይዛ ሳለች ጥቅምት 30 ቀን 1946 ዓ.ም. ነጻነታቸውን ተቀበሉ። የካቲት 23 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ እኛ ዓድዋን በምናከብርበት ዕለት፣ ዘውዱን ለአባታቸው ለቀቁ፤ ሥልጣኑን ግን አልለቀቁም። ቫን ሞሊቫን የተባለውን ብልህ አርክቴክት አግኝተው ከተማይቱን በአዲስ ሕንጻ አስጌጡ፤ የነጻነቱን ሐውልት እንደ አንግኮር ማማ አድርጎ 37 ሜትር አቆመላቸው፤ በነጻነቱ ቀን ተመረቀ። ታላቁን ስታዲየምም በ1957 ዓ.ም. እርሱ ፈጸመው። ንጉሠ ነገሥታችን የጎበኙት ዘመን ይህ የተድላው ዘመን ነበር።

መጋቢት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ሲሃኑክ በውጭ አገር ሳሉ ከሥልጣን ተሻሩ፤ በቤጂንግም ሆነው ክሜር ሩዥ ከተባሉት የጫካ ሰዎች ጋር ወዳጅነት አደረጉ።

1967 ዓ.ም. ለነገሥታት ክፉ ዓመት ነበረ። መስከረም 2 ቀን የእኛ ንጉሥ በትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። ሚያዝያ 9 ቀን የጫካ ሰዎች ፕኖም ፔን ገቡ፤ 2 ሚሊዮን ያህል ሕዝብም፣ በሆስፒታል የተኛው ሳይቀር፣ ወደ ገጠር ተነዳ። ሲሃኑክም ተመልሰው መጡ፤ በገዛ ቤተ መንግሥታቸውም ተዘጋባቸው።

በከተማይቱ ውስጥ ቱል ስሌንግ የሚባል ቤት አለ፤ አስቀድሞ የተማሪዎች ትምህርት ቤት ነበር፤ የጫካ ሰዎችም እስር ቤት አደረጉት። ከ12,000 በላይ ሰዎች ገቡበት፤ የተረፉት ጥቂት ናቸው። ጎብኚ ሁሉ ይግባበት፤ ከቤተ መንግሥቱ አስቀድሞ ቢገባበትም አንከለክለውም።

የቬትናም ጦር የጫካ ሰዎቹን ያባረረው በታኅሣሥ 29 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ የልደት በዓል መሆኑን ልብ ይሏል። ሲሃኑክ መስከረም 14 ቀን 1986 ዓ.ም. ዳግመኛ ነገሡ፤ ጥቅምት 5 ቀን 2005 ዓ.ም. በቤጂንግ ዐረፉ፤ ሐውልታቸውም በነጻነቱ ሐውልት አጠገብ ቆመ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በዙፋኑ ያሉት ልጃቸው ኖሮዶም ሲሃሞኒ ናቸው፤ በፓሪስ የባሌት ውዝዋዜ ያስተምሩ የነበሩ ትሑት ሰው ናቸው። ከግቢው በላይ ሰማያዊው ሰንደቅ ሲውለበለብ ያየ ንጉሡ ቤታቸው እንዳሉ ይወቅ። አገሩን የሚገዛው ግን ሌላ ነው፤ እርሱም የራሱ ጸሐፊዎች አሉት።