ከ«ጠርሙሱ» እስከ «የባከስ አምልኮ»፦ የጆርጅ ክሩክሻንክ ሥዕሎችና የመጠጥ ሕመም

በጎፋ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም እሠራ በነበረበት ወቅት፣ በተመላላሽ ሕክምና ክፍሉ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ስለ አልኮል ጉዳት የሚያስተምር ሥዕል ተለጥፎ ነበር። ልብሱ የተቀዳደደ ሰው ጠርሙሱን እንደ ያዘ ቦይ ውስጥ ወድቆ ይታያል። አንድ ቀን ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ የመጡ ታካሚ ስለ መጠጥ ልማዳቸው ስጠይቃቸው፣ ወደዚያ ሥዕል እያመለከቱ «ዶክተር፣ እኔ እኮ እንደዚያ ሰውዬ አይደለሁም፤ ሥራዬን አክብሬ፣ ልጆቼን አስተምሬ የምኖር ሰው ነኝ» አሉኝ። የተናገሩት እውነት ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በየምሽቱ አረቄ ሲጠጡ አንድም ቀን ቦይ ውስጥ አልወደቁም። ጉበታቸው ግን ጠባሳ ለብሶ ነበር። እኛ ለማስጠንቀቂያ የለጠፍነው ሥዕል ለእርሳቸው መጽናኛ ሆኗቸው ኖሯል።

ስለ መጠጥ የሚያስተምር ሥዕል ማንን ማሳየት አለበት? ሰካራሙን፣ ያሰከረውን ችግር ወይስ አብሮት የሚጠጣውን ኅብረተሰብ? ይህ ጥያቄ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ብርቱ ክርክር ያስነሣ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ክርክር በአንድ ሠዓሊ ሥራዎች በኩል መቃኘትና ለእኛ ሙያ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። የውጭ አገር ታሪክን የሚመለከቱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሽሙጥ ሥዕል ውርስ

በመጠጥ ላይ ያነጣጠረ የሽሙጥ ሥዕል በእንግሊዝ ስም ያገኘው በዊልያም ሆጋርዝ ነው። ሆጋርዝ በ1751 «የጂን ጎዳና» እና «የቢራ ጎዳና» የተሰኙ ሁለት የኅትመት ሥዕሎችን ጎን ለጎን አወጣ። በመጀመሪያው ላይ የሰከረች እናት ሕፃኗ ከእቅፏ ወደ ደረጃው ሥር ሲወድቅ ልብ አትልም፤ ቤቶች ይፈርሳሉ፤ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ የሚያበድረው ሰው ግን ይበለጽጋል። በሁለተኛው ላይ ግን ቢራ የሚጠጣው ሕዝብ ወዛምና ደስተኛ ነው። በዚያው ዓመት ፓርላማው የጂንን የችርቻሮ ሽያጭ የሚገድብ ሕግ አወጣ። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ጉዳት ያለበት በብርቱው መጠጥ ብቻ ነበር።

በ1804 ስኮትላንዳዊው የባሕር ኃይል ሐኪም ቶማስ ትሮተር ስለ ስካር ባሳተመው መጽሐፍ ስካርን እንደ አእምሮ ሕመም አድርጎ አቀረበ። በ1832 በፕሬስተን ከተማ ጆሴፍ ሊቭሲና ጓደኞቹ ቢራንም ጨምሮ ከማንኛውም የሚያሰክር መጠጥ ለመራቅ ቃል ገቡ። ሐኪሙ ሕመም ያለውን የተአቅቦ ሰባኪው ኃጢአት ይለው ነበርና ሁለቱ አመለካከቶች በአንድ ዘመን ጎን ለጎን ሄዱ።

ሠዓሊውና «ጠርሙሱ»

ጆርጅ ክሩክሻንክ በ1792 በለንደን ተወለደ። አባቱ አይዛክ የታወቀ የሽሙጥ ሠዓሊ ሲሆን በ1811 ከመጠጥ ብዛት እንደ ሞተ ይነገራል። ልጁ የአባቱን ሙያ ወርሶ ናፖሊዮንንና የገዛ አገሩን መኳንንት በብዕሩ ሲያብጠለጥል ከቆየ በኋላ፣ በ1820 ንጉሡን በሚያዋርድ ሁኔታ እንዳይሥል 100 ፓውንድ ተከፍሎታል። ቆይቶም የቻርልስ ዲክንስን «ኦሊቨር ትዊስት» በሥዕል አጅቧል። እርሱ ራሱ ለረጅም ዘመን ጠጪ ነበር።

በ1847 «ጠርሙሱ» የተባለውን ስምንት ሥዕሎች ያሉት ተከታታይ ሥራ አሳተመ። በርካሽ የማተሚያ ዘዴ ስለ ተዘጋጀ ስምንቱም ሥዕሎች በአንድ ሺሊንግ ይሸጡ ነበርና በብዙ ሠራተኛ ቤት ገቡ። ሥራው በመድረክ ድራማ ሆኖም ታይቷል።

ለሐኪም ዓይን ይህ ተከታታይ ሥዕል እንደ ሕመም ታሪክ የሚነበብ ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ንጹሕ ቤት፣ የተሰናዳ ማዕድ፣ የሚነድ ምድጃና ደስተኛ ልጆች አሉ፤ ባል ለሚስቱ ጥቂት እንድትቀምስ ብርጭቆ ያቀርባል። በሁለተኛው ሰውየው ከሥራ ተባርሮ ልብስ በመያዣነት ይሄዳል። በሦስተኛው ባለ ዕዳ የቤቱን ዕቃ ያስወስዳል። በአራተኛው ቤተሰቡ በጎዳና ይለምናል። በአምስተኛው የመጨረሻው ሕፃን በብርድና በችጋር ይሞታል። በስድስተኛው ድብደባ ይጀመራል። በሰባተኛው ባል ሚስቱን በዚያው ጠርሙስ ይገድላል። በስምንተኛው እርሱ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተዘግቶ ይታያል። ክፍሉ ከሥዕል ወደ ሥዕል እየተራቆተ ሲሄድ ጠርሙሱ ብቻ ከቦታው አይጠፋም።

የዚህ ሥራ ብርታት በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ነው። ክሩክሻንክ የጀመረው ከቦይ ሳይሆን ከማዕድ ነው፤ ተመልካቹም ራሱን የሚያገኘው እዚያ ነው። ሠዓሊውም ቢሆን ከራሱ ሥዕል አላመለጠም፤ በዚያው ዓመት በ55 ዓመቱ መጠጥ ፈጽሞ ተወ፤ እስኪሞትም ድረስ የተአቅቦ ማኅበራት ተናጋሪ ሆነ።

የዲክንስ ተቃውሞ

በ1848 ክሩክሻንክ «የሰካራሙ ልጆች» የሚል ተከታይ ሥራ አወጣ። ወንዱ ልጅ በወንጀል ተፈርዶበት በእስረኞች መርከብ ላይ ይሞታል፤ ሴቲቱ ከድልድይ ራሷን ትወረውራለች። ዲክንስ በዚያው ዓመት «ኤግዛሚነር» በተባለው ጋዜጣ ላይ የወዳጁን የሥዕል ችሎታ እያደነቀ ብርቱ ትችት ጻፈ። በእርሱ አመለካከት ስካር በአንዲት ብርጭቆ ምክንያት ደኅና ኑሮ ላይ በድንገት የሚወድቅ መቅሠፍት አይደለም፤ የሚበቅለው ከኀዘን፣ ከድህነትና ካለማወቅ፣ ብርሃን፣ አየርና ንጹሕ ውኃ ከሌለው መኖሪያ፣ ከክፉ የሥራ ቦታ ነው። ሆጋርዝ የሚፈርሱትን ቤቶች ማሳየቱን ያመሰገነውም ስለዚህ ነው።

ሁለቱም ከፊል እውነት ነበራቸው። አልኮል ራሱ ሱስ የሚያስይዝና አካል የሚመርዝ ንጥረ ነገር መሆኑን ዛሬ እናውቃለን፤ ስዊድናዊው ሐኪም ማግኑስ ሁስ በ1849 ሥር የሰደደውን የአልኮል መመረዝ እንደ አንድ በሽታ ሰይሞ ገልጾታል። ነገር ግን ማን ቀድሞ እንደሚታመምና ማን ለመዳን እንደሚቸገር የሚወስነው የኑሮ ሁኔታ ጭምር ነው። ጠርሙሱን ብቻ የሚያይ ሐኪም የታካሚውን ቤት ይዘነጋል፤ ቤቱን ብቻ የሚያይም ጠርሙሱን።

የሁሉም ሰው ብርጭቆ

ክሩክሻንክ ለትችቱ ሳያስበው መልስ የሰጠው ከ1860 እስከ 1862 በሠራው «የባከስ አምልኮ» በተሰኘው ግዙፍ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ሥዕሉ ከአራት ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ታጭቀውበታል። በመካከሉ የወይን አምላክ የተባለው የባከስ ሐውልት ቆሟል። በዙሪያው የሚጠጡት ግን የጎዳና ሰካራሞች ብቻ አይደሉም፤ በክርስትና፣ በሠርግና በቀብር ሥነ ሥርዓት ብርጭቆ የሚያነሡ የተከበሩ ሰዎችም ናቸው። በ1863 ንግሥት ቪክቶሪያ አይታዋለች፤ በ1869ም ለአገሪቱ የሥዕል ስብስብ ተበረከተ። የሕዝቡ አቀባበል ግን እንደ «ጠርሙሱ» አልሞቀም። የጎረቤትን ውድቀት መመልከት ይቀላል፤ የራስን ድግስ በፍርድ ፊት ማየት ይከብዳል።

ሐኪሞችም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አልነበሩም። በዘመኑ ብራንዲና ወይን ለታካሚ ማዘዝ የተለመደ ነበር፤ ያለ አልኮል ማከም እንደሚቻል ለማሳየት የለንደን የተአቅቦ ሆስፒታል የተከፈተው በ1873 ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ሥዕል ለማስተማር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአብያተ ክርስቲያናቶቻችን ግድግዳዎች ለዘመናት ማንበብ ለማይችለው ምእመን መጽሐፍ ሆነው ኖረዋል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በትምባሆ ፓኬት ላይ የፊትና የኋላ ገጹን 70 በመቶ የሚሸፍን በሥዕል የታገዘ ማስጠንቀቂያ እንዲኖር አዝዟል። የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይሰራጭ፣ መጠጡም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕጉ የግለሰቡን ብርጭቆ ብቻ ሳይሆን አካባቢውንም ለመለወጥ የሚሞክር በመሆኑ ከ«ጠርሙሱ» ይልቅ ለ«የባከስ አምልኮ» ይቀርባል።

በእጃችን ያለው ሥራ ግን በየምርመራ ክፍሉ ነው። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ በማኅበራችን፣ በሠርጋችንና በክርስትናችን መካከል የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ ታካሚን «ሰካራም ነዎት?» ብሎ መጠየቅ «አይደለሁም» የሚል መልስ ከማስገኘት አያልፍም። ምን ያህል፣ በየስንት ቀኑ፣ ከማን ጋርና ምን ሲገጥማቸው እንደሚጠጡ በአክብሮት መጠየቅ ግን በር ይከፍታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አሥር ጥያቄዎች ያሉት መለያ ቅጽም ለዚሁ ያገለግላል።

እኚያ ታካሚ ዘግይተው መጥተው ነበርና ልናደርግላቸው የቻልነው ጥቂት ነው። ከእርሳቸው በኋላ የተለጠፈውን ሥዕል አንሥተን በምትኩ አንድ የተሰናዳ ማዕድ፣ በዙሪያው የተቀመጠ ቤተሰብና በመካከሉ አንድ ብርጭቆ የሚያሳይ ሥዕል ሰቀልን። በሥሩም «ስንት ብርጭቆ? በሳምንት ስንት ቀን? ለሐኪምዎ ይንገሩ» ብለን ጻፍንበት። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥዕሉ እያመለከተ «እኔ እንደዚያ አይደለሁም» ያለኝ ታካሚ አላጋጠመኝም።