ሰላ እና ጎላ

የሸዋዋን ከተማ ሰላ ድንጋይን «ሳላ ድንጋይ» ብሎ የሚጽፍም አለ። በአንድ ፊደል ልዩነት ትርጉሙ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ሳላ ረጅም ቀንድ ያለው የቆላ አውሬ ነው፣ ሰላ ግን ግስ ነው፤ ቢላው ሰላ፣ አንደበቱ ሰላ እንላለን። ሚስዮናዊው ክራፍ በ1842 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከአንኮበር ተነሥቶ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅን እዚያ አግኝቷል። የሱ ጽሑፍ ግን አይዳኘንም፤ የላቲኗ «ኤ» ግዕዙንም ራብዑንም አንድ አድርጋ ትውጣለች። እኔ ወደ ሰላ አደላለሁ። ምክንያቴ የጊታር ነው እንጂ የታሪክ አይደለም።

የተሳለ ነገር ይሰላል፤ ሳለ ደግሞ የግዕዙ ሰሐለ ነው፤ ሐ በአማርኛ አፍ ሟሟች፣ ስለትና መሳያ ቀሩ። ስለት ደግሞ ከለስላሳ አይወጣም፤ ቢላ የሚስለው ሻካራ ድንጋይ ነው። ለድምፅም «ሰላ ያለ» የምንለው ጆሮ የሚቆርጠውን ነው፣ የግድ ትልቁን አይደለም። ለትልቁ ሌላ ግስ አለን፤ ጎላ።

ከጎላ አጎላ፣ ከአጎላ ማጉሊያ፣ ከዚያ ማጉያ። ተከለ መትከያ እንደሚለው ነው፤ «ለ» ወደ «የ» ተለወጠች። በአጉሊ መነጽር ግን ሳትነካ ቆማለች። አምፕሊፋየር ሥሩ የላቲን «ሰፊ» ነው፤ ሆኖም እኛ ድምፅ ማስፊያ አላልንም። የጎላ ነገር የግድ አይሰፋም፤ ከሌላው ተለይቶ ይታያል። ሠርግ ቤትና መንፈሳዊ ጉባኤ ላይ ግን ሁለቱንም ረስተን «ሞንታርቦ» እንላለን፤ የአንድ የጣሊያን ድርጅት ስም ነበር፣ ዛሬ የቻይናው ስፒከርም ሞንታርቦ ነው።

የጊታር ሰዎች ስለ አሮጌ የቲዩብ ማጉያ ሲከራከሩ (ቲዩብ ያረጀ ሬዲዮ ከፍቶ ያየ ሰው የሚያውቃት ያቺ የምትሞቅ ብርጭቆ ናት) ሁለቱን ግሶች ቢያውቁ ክርክራቸው ባጠረ። የእንግሊዙ ማርሻል በ1965 «1959» የተባለውን ባለ 100 ዋት ማጉያ አወጣ፤ ቁጥሩ የሞዴል ነው፣ ዓመት አይደለም፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድምፁ እንዲሰላ የፈለገ ተጫዋች እስከ ጥግ ማጉላት ነበረበት። ጎረቤት ይሰቃያል። በ1975 የመጣው «2203» መሳያውን ከማጉያው ለየ፤ አንደኛዋ ቁልፍ ምልክቱን ገና ከመጀመሪያዎቹ ቲዩቦች ላይ ታሻክረዋለች፣ ማስተር የምትባለዋ ደግሞ የተሻከረው ምን ያህል እንደሚጎላ ትወስናለች። በ1981 «ጄሲኤም 800» ሲባል የተለወጠው በዋናነት ልብሱ ነው፤ ፊደሎቹ የባለቤቱ የጄምስ ቻርልስ ማርሻል ናቸው፣ ቁጥሩም ከመኪናው ታርጋ እንደመጣ ይነገራል። እንግሊዝኛው ለዚህ ሁሉ «ጌን» ይላል፤ ትርፍ ማለት ነው፣ የገባውንና የወጣውን የሚያስተያይ የመሐንዲስ ቃል። ምን እንዳተረፈ ግን አይናገርም። ጎላ? ወይስ ሰላ?

እኛ ጋ ይህ መሻከር ከመብራት በፊት ስም ነበረው። በበገና ብርኩማ ላይ፣ ከአሥሩ አውታሮች በእያንዳንዱ ሥር ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካ ያነዝራል። ስሟ እንዚራ ነው። በግዕዝ ግን ዕንዚራ የሙዚቃ መሣሪያ ስም ነበር፣ ያውም ዐንዘረ የሚል የራሱ ግስ ያለው፤ የመላው መሣሪያ ስም በአማርኛ ወደ አንዲት ቁራጭ ቆዳ ወረደ። ከነዘረና ከንዝረት ጋር ማዛመድ ያጓጓል። በመነሻው ያለችው የዐይን ፊደል ግን ታስቸግረኛለች፣ ስለዚህ እተወዋለሁ።

በገና ደርዳሪ መዝሙሩን ከመጀመሩ በፊት ጎንበስ ብሎ እንዚራዋን በጣቱ ወደፊት ትንሽ ገፋ ያደርጋታል፣ አውታሩን ይነካል፣ ያዳምጣል፣ መልሶ ይስባታል። ድምፁ አልጨመረም። ሰላ።