የንጋት ልጅ ሜምኖን

ጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆሜ፣ ከደብረ ሲና ባሻገር ካለው ቆላ ጎህ ሲቀድ ባየሁ ቁጥር አንድ ስም ትዝ ይለኛል፤ ሜምኖን። ግሪኮች የንጋት አምላክ የኤዎስ ልጅ፣ የኢትዮጵያውያንም ንጉሥ ይሉታል።

ሆሜር በ«ኦዲሴይ» የሚያነሣው እግረ መንገዱን ነው፤ በአንድ ስፍራ አንቲሎኮስን የገደለ ጀግና፣ በሌላው ኦዲሴዎስ ካያቸው ሁሉ መልከ መልካም አድርጎ። ሄሲዮድ ንግሥናውን መሰከረለት። ታሪኩን በስፋት የተረከው «ኤትዮፒስ» የተሰኘው፣ በአምስት መጻሕፍት የተከፈለው ግጥም ግን ጠፍቷል፤ ለእኛ የደረሰው አጭር ማጠቃለያውና ጥቂት ቁርጥራጭ ነው። በእርሱም ሜምኖን ትሮይን ሊረዳ መጥቶ በአኪሌስ እጅ ይወድቃል፤ እናቱም ዘላለማዊነትን ትለምንለታለች። ከብዙ ዘመን በኋላ ሮማዊው ኦቪድ የማለዳውን ጤዛ የእርሷ እንባ አደረገው።

የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» አንዴ በምሥራቅ፣ አንዴ ከግብፅ በስተደቡብ የሚታሰብ ምድር እንጂ እኒህን ተራሮች ለይቶ የሚጠራ አልነበረም። ስለዚህ ሜምኖንን «የእኛ» ለማለት አልደፍርም። ሆኖም በስማችን የተጠራ ግጥም መጥፋቱ ይቆጨኛል። የጣርማ በር ጤዛ እግሬን ሲያርሰው፣ መቃብሩን ለማላውቀው ወንድም የፈሰሰ እንባ ይመስለኛል።